ኪሊማንጃሮ በ«6 ቀን»፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁለት ጓደኞችህ ጋር በጥር ኪሊማንጃሮ ልትወጡ ነው። አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት በማራንጉ መንገድ «የ6 ቀን ጉዞ» ለአንድ ሰው በ1,250 ዶላር አቅርቦላችኋል። ራስ ዳሸንን ወጥታችኋል፣ እሑድ እሑድ እንጦጦ ላይ ትሮጣላችሁ፤ የቸገራችሁ የጫማና የጃኬት ነገር ብቻ ነው። የጫማው ይደርሳል። እኔ በጥር 2011 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ የቀን ቁጥር፣ በዚሁ ልበ ሙሉነት ሄጄ ከጫፉ 700 ሜትር ያህል ሲቀረኝ በሰው ተደግፌ ወርጃለሁ። በ2016 ዓ.ም. ተመልሼ 5,895 ሜትሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሁለቱንም ስለቀመስኳቸው ቀብዱን ሳትከፍሉ ይህን አንብቡልኝ።

1. «6 ቀን» የሚለውን ትታችሁ በተራራው ላይ ስንት ሌሊት እንደምታድሩ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የእኔም ውል ላይ 6 ቀን ተብሎ ተጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ግን ከአውሮፕላን ወርደን ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ ከተማ ሆቴል የገባንበት ኖሯል። ይህን የተረዳሁት ማራንጉ በር ላይ መዝገብ ስንሞላ ነው፤ መሪያችን ከስማችን ጎን «4 ሌሊት» ብሎ ጻፈ። ተሳስተሃል አልኩት። ከቢሮው የተሰጠውን ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ፤ እውነትም 4 ነው። አዲስ አበባ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ «ወንድም፣ የደረስክበትም ቀን ቀን ነው» ብላኝ ዘጋችው። ስመለስ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ኃላፊው ቁጭ በል እንኳን ሳይለኝ «ተራራውን እኛ አልሠራነውም» አለኝ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ያ ንግግር ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል።

2. ዋጋውን ራሳችሁ በትናችሁ እዩት። እኔ በሄድኩባቸው ጊዜያት ፓርኩ ከውጭ ዜጋ በቀን 70 ዶላር፣ በማራንጉ ጎጆዎች ለማደር በሌሊት 60 ዶላር፣ ለነፍስ አድን አገልግሎት 20 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ በዚህ ሁሉ ላይ 18 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ለ5 ቀንና ለ4 ሌሊት ስታሰሉት 720 ዶላር ገደማ ይመጣል። «አፍሪካውያን ነንና ይቀነስልናል» ብላችሁ ደግሞ እንዳታስቡ። እኔ አስቤ ነበር። ቅናሹ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ዜጎች የሚያገኙት ነው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። በሩ ላይ ከጎኔ የተሰለፈው ኬንያዊ በቅናሽ ሲገባ እኔ ከጀርመናዊው እኩል ከፍያለሁ።

ከ1,250ው ላይ 720ው ሲነሳ 530 ይቀራል። ከእርሱ ላይ የአዲስ አበባው ድርጅት ኮሚሽን፣ የሞሺው ድርጅት ትርፍ፣ ሆቴል፣ መኪና፣ ምግብ፣ የመሪውና የምግብ አብሳዩ ደመወዝ ይነሳል። የጎደለው የሚሞላው ከተሸካሚው ጉሮሮ ነው። የእኔን ሻንጣ የተሸከመው ልጅ የግራ ጫማው ሶል በሲባጎ የታሰረ ነበር። ሆሮምቦ ጎጆ ስንደርስ ሲባጎውን ፈትቶ እግሩን ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ አየሁት። ካልሲ የለውም። እኔ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ለጓደኞቼ ያወራሁት ዋጋ ያ እግር ነበር። ስለዚህ ድርጅት ስትመርጡ ከኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት ጋር የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ የተሸካሚዎችን ደመወዝ፣ ምግብና ልብስ የሚከታተል ድርጅት ነው። አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከምም የፓርኩ ደንብ ይከለክላል።

3. ራስ ዳሸን። ይህን ነጥብ በደንብ ያዙልኝ። እኔም የደጋ ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የከፍታ ሕመም ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ ፈረንጅ በሽታ ነው እል ነበር። ራስ ዳሸን በእርግጥ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ግን እዚያ አላደራችሁም። ጨነቅ ካደራችሁ 3,600 ሜትር ላይ፣ አምቢቆ ካደራችሁ 3,200 ሜትር ላይ ነው የተኛችሁት። ጫፉን ነክታችሁ በዚያው ቀን ወርዳችኋል። ሰውነትን የሚፈትነው ማደሪያው ነው። የተራራ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን እረፍት እንዲኖር ይመክራሉ። አሁን የማራንጉን የ5 ቀን ጉዞ ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ የመጀመሪያው ሌሊት ማንዳራ 2,720 ሜትር፣ ሁለተኛው ሆሮምቦ 3,720፣ ሦስተኛው ኪቦ 4,720። በየሌሊቱ 1,000 ሜትር። ከዚያም በዚያው ሌሊት እንቅልፍ ሳይኖር ወደ 5,895።

ይህን ስሌት በወቅቱ የነገረኝ አልነበረም። መሪያችን ከኢትዮጵያ መምጣታችንን ሲሰማ «የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ በኋላ በዝግታ መራመድ አሳፈረኝ። በሁለተኛው ቀን ከቡድኑ ሁሉ ቀድሜ ሆሮምቦ ገባሁ። ረዳት መሪው ከኋላዬ «ፖሌ ፖሌ! ፖሌ ፖሌ!» እያለ ይጮኻል፤ በስዋሂሊ ቀስ በቀስ ማለት ነው። አባቶቻችን እንቁላሉን በእግሩ ያስኬዱት በዚሁ ቃል ነበር፤ እኔ ግን ጎበዝነቴን ያልተረዳልኝ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ማዌንዚና ኪቦ በሚባሉት የተራራው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ራቁት ሜዳ ስናቋርጥ ራሴን ያመኝ ጀመር። ከዓይኔ ጀርባ ሚስማር እንደሚመታ ዓይነት ነው። ኪቦ ጎጆ ስንደርስ የሾርባውን ሽታ መቋቋም አቃተኝ። መሪው መጥቶ «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» አልኩት። ከጎጆው ጀርባ ዞሬ የጠጣሁትን ሻይ አስመለስኩ፤ በጫማዬ ጠጠር ገፍቼ ሸፈንኩት፣ አፌን ጠረግኩ፣ ገብቼ ተኛሁ። ከሁሉም ያስከፈለችኝ ያቺ «ደህና ነኝ» ናት። ስለ ቀኑ ቁጥር ሌላውን ልወቅስ እችላለሁ፤ ያቺን ቃል ግን የተናገርኩት እኔ ነኝ።

እኩለ ሌሊት ላይ ተነሣን። ከላይም ከታችም የግንባር መብራቶች ተሰልፈው ይታያሉ፣ እግር ስር ያለው ጠጠር አንድ እርምጃ ሲወጡ ግማሹን ወደ ኋላ ይመልሳል። 5,150 ሜትር ገደማ ላይ የሐንስ ሜየር ዋሻ የሚባል ማረፊያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ከሉድቪግ ፑርትሼለር ጋር ጫፉ ላይ በደረሰው ጀርመናዊ የተሰየመ ነው። እዚያ ተቀመጥን። ለመነሣት ስሞክር ግራ እግሬ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ሄደብኝ። ረዳት መሪው አየኝ። መብራቱን ፊቴ ላይ አበራ፣ በምርኩዙ መሬቱ ላይ መስመር ሰመረ፣ «ተረከዝህን ከጣትህ ጋር እያገጣጠምክ በዚህ ላይ ሂድ» አለኝ። በሁለተኛው እርምጃ ወደቅኩ። አንድም ቃል አልጨመረም። ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውልቆ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገው፣ ክንዴን ያዘና ፊቴን ወደ ታች አዞረው። ሚዛን መሳት አንጎል ማበጥ ለመጀመሩ ምልክት እንደሆነ፣ ወዲያው ካልወረዱ እንደሚገድል ያወቅኩት በኋላ ነው። ያ ሰው ዕድሜ ሰጥቶኛል፤ ዛሬም በጸሎቴ አነሣዋለሁ።

ሆሮምቦ ስንደርስ ሕመሙ በእጅ እንደተነሣ ሁሉ ጠፋ። ሁለት ሳህን ሩዝ በላሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ 5,685 ሜትር ላይ ካለው የጊልማን ነጥብ ደርሶ ተመልሷል፤ እርሱም እስከ ዋናው ጫፍ አልዘለቀም።

4. እንግዲህ ምን ይሻላል ላላችሁ፦ ገንዘቡ እስኪሞላ ጠብቁና ረጅሙን መንገድ ያዙ። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ ሌሞሾ በሚባለው መንገድ 8 ቀን ወሰድኩ። የፓርኩ ክፍያ ብቻ 1,100 ዶላር ገደማ ሆነ፤ በአጠቃላይ 2,300 ዶላር ከፈልኩ፣ ሁለት ዓመት ቆጥቤበታለሁ። በአዲስ አበባ ደላላ በኩልም አላለፍኩም፤ ሞሺ ካለ ፈቃድ ያለው ድርጅት ጋር በቀጥታ ተጻጻፍኩ። ያለ መሪ መውጣት ስለማይፈቀድ ከመሪ ማምለጫ የለም፤ ያላችሁ ምርጫ መሪው ማን ይሁን የሚለው ነው። ለድርጅቱ የላክሁት ጥያቄ አራት ነበር፦ በየትኛው ሌሊት በስንት ሜትር ላይ እናድራለን? መሪው ኦክስጅን ይዞ ይወጣል? በየቀኑ የደም ኦክስጅን ይለካል? አንዱ ታሞ ሲወርድ ከሌሎቹ ጋር የሚቀጥል ሌላ መሪ አለ? ለእነዚህ ሳይንተባተብ የመለሰልኝን መረጥኩ።

ልዩነቱ ከመጀመሪያው ምሽት ታየ። መሪው ጠዋትና ማታ ጣታችን ላይ መለኪያውን እየሰካ በደብተር ይመዘግባል። ለየብቻ እየጠራ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ማዞር ካለ ይጠይቃል። ሁላችንን በአንድ ላይ ሰብስቦ «ደህና ናችሁ?» ቢል ኖሮ ማንም እውነቱን እንደማይነግረው ያውቃል። በአራተኛው ቀን 4,600 ሜትር ላይ ላቫ ታወር የሚባል ትልቅ ቋጥኝ ስር ምሳ በልተን ወደ ባራንኮ፣ ወደ 3,960 ሜትር ወርደን አደርን። ጓደኞቼ የወጣነውን መልሰን መውረዳችን አናደዳቸው፤ እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ ምክንያቱም ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው እንዲህ ሲወጡና ሲወርዱ ነው። ባራፉ ሰፈር 4,670 ሜትር ላይ የጣቴ መለኪያ የደም ኦክስጅኔን 81 በመቶ አሳየ። ራሴን ትንሽ ያመኝ ነበር። ነገርኩት። ውኃ አስጠጣኝ፣ መስመር ላይ አራመደኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ሌሊቱን በሙሉ ከፊቴ ያለውን ሰው ተረከዝ ብቻ እያየሁ ወጣሁ። ከዋናው ጫፍ በፊት ያለው ስቴላ ነጥብ ላይ ጎሕ ቀደደ። ማዌንዚ ከደመናው በላይ ጥቁር ጥርሱን አውጥቶ ቆሟል፤ በግራ በኩል የበረዶው ግንብ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ሮዝ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ መሪው ክንዴን ሳይዘኝ ሄድኩት። ኡሁሩ በሚባለው ዋናው ጫፍ ላይ ስደርስ ጓንቴን አውልቄ የጫፉን አፈር ነካሁት። አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ ያሰብኩት ያንን አፈር ነበር።

5. አሁን ጥቃቅኑን በአጭሩ። ጫማው በእግራችሁ የተለመደ ይሁን፤ አዲስ ጫማ ገዝቶ ተራራ መሄድ እግርን ማቁሰል ነው። ወፍራሙን ጃኬትና የእንቅልፍ ቦርሳ ሞሺ ላይ መከራየት ይቻላል። ጋቢ ለሆቴል ጥሩ ነው፣ ለተራራው ግን ጥጥ ሲረጥብ ስለማይደርቅ አትመኑበት። የመጨረሻው ሌሊት ውኃ ይበርዳልና ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ካልሲ ውስጥ ያዙት፤ በረዶው የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ አፉ አይዘጋም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ግዴታ ነው፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ መሆኑን አትርሱ። መድን ስትገቡ እስከ 6,000 ሜትር የሚሸፍን መሆኑን አንብቡ። ለጉርሻ የምትይዙት ዶላር አዳዲስና ዝርዝር ይሁን፣ ለተሸካሚዎቹም በእጃችሁ ስጡ። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል የሚወሰደውን አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት ሐኪም አማክራችሁ ካልሆነ አትጀምሩ፤ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት በተለይ ይጠንቀቅ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ለምግብ አብሳዩ «ቪጋን» በሉት፣ ወዲያው ይገባዋል። በሶም ያዙ። ኪቦ ላይ ሾርባ ያስጠላኝ እኔ፣ ባራፉ ላይ በሶ በሙቅ ውኃና በማር በጥብጬ አንድ ኩባያ ጨርሻለሁ።

ከሁለቱ ጓደኞችህ ጋር ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ተማማሉ፦ አንዱ ሌላው ሲያስመልስ ካየ ለመሪው ይናገራል፣ ማንም አይቀየምም። እኔና ጓደኛዬ ይህን ብንነጋገር ኖሮ ዓይኔን ባላሸሸሁበት ነበር።

ለድርጅቱ ዛሬውኑ ጻፉለትና በየሌሊቱ የምታድሩበትን ቦታና ከፍታ በዝርዝር ይላክላችሁ። ሲደርሳችሁ እዚህ አስቀምጡት፤ ሌሊት በሌሊት አብረን እናየዋለን።