መልስ፦ እንቦጭ የሚባለው አረም ጣና ሐይቅ ላይ መጀመሪያ የታየው በ2004 ነው ወይስ በ2011?

ሁለቱም ምንጮችህ ልክ ናቸው፤ 2004 በእኛ፣ 2011 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ለክበባችሁ መጽሔት «2004 ዓ.ም.» ብለህ ጻፍ። ሌሎቹንም የፈረንጅ ዓመታት ወደ እኛ ስትመልስ ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ቀንስ። ጣና በዩኔስኮ በባዮስፌርነት (ሰውና ተፈጥሮ አብረው በሚጠበቁበት ክልልነት) የተመዘገበው በፈረንጆቹ ሰኔ 2015 ስለሆነ 2007 ይሆናል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅህ። የጣናን ታሪክ ከእንቦጭ ነቀላ ዘመቻ እንዳትጀምር። እኔ የዛሬ ጥቂት ዓመት ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አዘጋጅቼ በጣና ዳር ካሉት ከዘጌ ገዳማት ለአንዱ አባት አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና እጄን ይዘው ወደ ጫካው አስገቡኝ። የቡናው ተክል በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ መሬቱ የረገፈ ቅጠል ለብሷል፤ የማረሻ ፈር የለበትም። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳማቱ ትውፊት የተከለከለ ነው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው ከማንኛውም አዋጅና ምዝገባ በፊት በነበረው በዚህ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ገዳማቱን፣ ቀጥሎ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የተሠራውን የ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ፣ ከዚያ እንቦጭን አስከትል። ዓሣ አስጋሪዎችንም ጠይቅ፤ ዓመተ ምሕረቱ ቢጠፋባቸው እንኳ አረሙ መረባቸውን የያዘበትን ክረምት አይረሱትም።