በዝግታ እየነዱ መውደቅ፦ ለሞተረኞች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ከባድ አደጋ የተጻፉ አይደሉም። ጠያቂዎቹ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ሲሄዱ፣ ማንም ሳይገፋቸው፣ ሞተራቸውን ይዘው በጎናቸው የተጋደሙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ጭቃውን አራግፎ፣ ያየው ሰው እንዳለ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «መንገዱ አንሸራተተኝ» ብሎ ያልፋል። በፍጥነት የወደቀ ሰው ምን እንደ ሆነ ለማስታወስ ይቸገራል፤ በዝግታ የወደቀ ግን እጁ የት እንደ ነበረና ዓይኑ ምን ይመለከት እንደ ነበር በዝርዝር ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ለጠያቂዎቼ ሁሉ አስቀድሜ የመለስሁላቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከመውደቅዎ በፊት በነበሩት ሁለት ሰከንዶች እጅዎና እግርዎ ምን ያደርጉ ነበር?

«በአዲስ አበባ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። በሰኔ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፤ ሦስቱም ጊዜ ዝናቡ ገና ማካፋት ሲጀምር ነበር። በሐምሌው ዶፍ ግን አንድም ጊዜ አልወደቅሁም። ምክንያቱ ምንድን ነው?»

ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው። በበጋው ወራት ከመኪኖች የሚንጠባጠበው ዘይት፣ አፉ በደንብ ካልተዘጋ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) የሚፈሰው ናፍጣ፣ የጎማ ብናኝና አቧራ በአስፋልቱ ላይ ሲጠራቀሙ ይከርማሉ። የመጀመሪያው ካፊያ ይህን ሁሉ ጠርጎ ለመውሰድ አቅም የለውም፤ ከውሃ ጋር ለውሶ እንደ ቅባት ይዘረጋዋል እንጂ። ዶፉ ሲመጣ ግን አስፋልቱን አጥቦ ቆሻሻውን ወደ ቦይ ይወስደዋል። ስለዚህ ከብዙ ደረቅ ቀናት በኋላ ሲያካፋ፣ የሚቻልዎት ከሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመው ቢያሳልፉ የደንበኛው ምሳ ከመቀዝቀዝ ያለፈ ጉዳት አይደርስበትም።

ቅባቱ በመንገዱ ላይ እኩል እንደማይፈስም ማወቅ ይጠቅማል። መኪና ቆሞ ተራ በሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ፣ ማለትም በትራፊክ መብራት፣ በታክሲ መጫኛና በአደባባይ መግቢያ፣ ዘይቱ የሚንጠባጠበው ከመኪናው ሆድ ሥር ስለሆነ የረድፉ መካከል ከሁሉ ይልቅ ያንሸራትታል፤ የመኪና ጎማ የሚረግጠው መስመር ግን ሲታሽ ስለሚውል ይሻላል። በአደባባይ ላይ ከባድ መኪና ሲዞር ናፍጣው ወደ ውጭው ጠርዝ ይረጫል። ከነዚህ በተጨማሪ የዜብራ ቀለም፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ብረት ክዳን፣ የመኪና እጥበት ሳሙና የሚወርድበት ዳገት፣ በበዓል ሰሞንም ለሰልፍ የተጎዘጎዘው ቄጤማ አለ። በነዚህ ሁሉ ላይ ሲያልፉ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ፍሬን አይያዝ፣ ነዳጅም አይጨመር፤ መቀነስ ያለበት ፍጥነት ከመድረስዎ በፊት ይቀነስ።

ይህ ሁሉ ስለ መንገዱ ነው። ስለ እርስዎ ደግሞ ሦስቱን አወዳደቆች ለየብቻ በወረቀት ላይ ይጻፏቸው፤ በመጀመሪያ የሸሸው የትኛው ጎማ ነበር? የፊተኛው ከሸሸ ማኑብሪዮው (የሞተሩ መሪ) ድንገት ከእጅ ላይ ይታጠፋል፣ ሰውየውም መውደቁን የሚያውቀው መሬት ከደረሰ በኋላ ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ እንዳዘነበለ የፊት ፍሬን መያዝ ነው። የኋለኛው ከሸሸ ግን የሞተሩ ጅራት ወደ ጎን ሲሄድ ለአፍታ ይሰማል፤ መንስኤውም የኋላ ፍሬን አጥብቆ መርገጥ፣ ነዳጅ በድንገት መስጠት፣ ወይም ማርሽ ቀንሶ ፍሪሲዮኑን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚያዘውን እጀታ) በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆነው ከተገኙ፣ አስፋልቱን ለጊዜው ትተው ያንን አንድ ልማድዎን ይመርምሩ።

በዚያው ወደ ጎሚስታ ጎራ ብለው የጎማዎን ዕድሜ ይመልከቱ። በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ 2319 የሚል ካገኙ ጎማው የተመረተው በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንኳን ሲያረጅ ላስቲኩ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ መንገድ አይጨብጥም።

«የባሕር ዳር ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ በዝናብ ጊዜ የፊት ፍሬን ፈጽሞ እንዳልነካ ይመክሩኛል። ልክ ናቸው?»

ምክሩ ከእውነተኛ ፍርሃት የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ የተሳሳተ ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ጎማ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሃሪ ኸርት መሪነት ተጠንቶ በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመው ዘገባ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 ያህል የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ከቦታው መርምሮ ያገኘው አንዱ ነገር ይህ ነበር፦ ሞተረኞቹ በጭንቅ ጊዜ የኋላ ፍሬኑን ከልክ በላይ እየረገጡ ጎማውን ያንሸራትቱታል፣ የፊቱን ግን በበቂ አይጠቀሙበትም። በፊት ፍሬን ፈጽሞ ያልተለማመደ እጅ አደጋ ሲመጣ ወይ አይነካውም፣ ወይ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨምቀዋል።

እርጥብ መንገድ ላይ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ሁለቱንም ፍሬን ይያዙ፤ የፊቱን ግን በሁለት ጣት፣ ሎሚ እንደሚጨምቅ ሰው በዝግታ እያጠበቁ። ፈጽሞ የማይነካበት ጊዜ ያለው በሌላ ቦታ ነው፤ እሱም ማኑብሪዮው ታጥፎ በእግር እርምጃ ፍጥነት ሲዞሩ ነው።

ይህን የተማርሁት በጎኔ ነው። በአንድ የሐምሌ ማለዳ ወደ ቤቴ በሚወስደው የኮብልስቶን ቅያስ ስታጠፍ አንዲት በግ ከአጥር ሥር ብቅ አለች። ፍጥነቴ ከሰው ሶምሶማ አይበልጥም ነበር። ማኑብሪዮው ወደ ግራ እንደ ታጠፈ አራቱም ጣቶቼ የፊቱን ፍሬን ጨመቁት፤ ድንጋዩም በብዙ እግርና ጎማ ተልጎ፣ በላዩም ስስ ጭቃ ተቀብቶ ነበር። በቆሎ ትጠብስ የነበረችው ሴት «እኔን!» ያለችው ከመውደቄ በፊት ይሁን በኋላ እስካሁን አልለየሁትም። በጓ ግን ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ ታየኝ ነበር። ብዙ ቀን ኮብልስቶኑን ስወቅስ ከረምሁ፤ ነገሩን አንድ በአንድ ሳስታውሰው ግን በዚያ ፍጥነት ሞተሩን ለማቆም ነዳጁን መልቀቅና የኋላ ፍሬኑን በስሱ መርገጥ ይበቃ ነበር። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከል መሣሪያ) ያለው ሞተር ቢሆንም ብዙ የሚያድን አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ይህ መሣሪያ በብዙ ሞተሮች ላይ ፍጥነቱ ወደ እርምጃ ሲወርድ ሥራውን ያቆማል።

«በግብርና ሥራ ምክንያት ከቀበሌ ቀበሌ የምመላለሰው በመረሬ አፈር ላይ ነው። ሞተሩ ሲንሸራተት እግሬን አውርጄ መደገፍ አለብኝ ወይስ የለብኝም?»

ሞተሩ ሊቆም ሲል፣ እግርዎን ከመቀመጫው አጠገብ በቀጥታ ወደ ታች ቢያወርዱ ጉዳት የለውም። እየሄደ ሳለ ግን እግር ዘርግቶ መደገፍ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ለአደጋ መስጠት ነው፤ እግሩ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ ሞተሩ ይቀጥላል። በተለይ በሸበጥ የሚነዱ የሥራ ባልደረቦች ካሉዎት ይህን ያንብቡላቸው።

መረሬ ከሌላው ጭቃ የሚለየው ስለሚጣበቅ ነው። በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እየታጨቀ የፊተኛውን ጎማ እስከ ማቆም ይደርሳል፤ ሞተረኛው ፍሬን ሳይነካ እንደ ተያዘበት ይሰማዋል። ስለዚህ ማኑብሪዮው ሲከብድዎት ወርደው በእንጨት ይጥረጉት። ከዚያ ውጭ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ከመቀመጫው ትንሽ ተነሥተው በእግር ማረፊያው ላይ ቆመው፣ ዓይንዎን ከፊት ጎማው አንሥተው ራቅ ወዳለው መስመር ያድርጉ። የትራክተር ጎማ የቆፈረው ቦይ ውስጥ ከገቡ እስኪያልቅ ድረስ ይከተሉት፤ በሰያፍ ለመውጣት መታገል የታወቀ የመውደቂያ መንገድ ነው።

«ልጄ በሐዋሳ ከሞተር ሲወድቅ በመዳፉ መሬቱን ተደገፈ። ራጅ ተነሥቶ ስብራት የለም ተባለ፤ ከሳምንት በኋላም አውራ ጣቱ ሥር ያመዋል። ጎረቤቶች ወጌሻ ጋ ውሰጂው ይሉኛል።»

እመቤቴ፣ ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ሐኪሙ ይመልሱት። በተዘረጋ መዳፍ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰብራት ስካፎይድ የምትባል ትንሽ የእጅ አንጓ አጥንት አለች። ልጅዎ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀጥ ሲያደርግ ከሥሩ፣ ከሁለት ጅማቶች መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ ይታያል፤ እዚያ ላይ ሲጫኑት የሚያመው ከሆነ ይህች አጥንት ትጠረጠራለች። የዚህች አጥንት ስብራት በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የተለመደው አሠራር እጁን በጀሶ ወይም በድጋፍ አሳርፎ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁን መድገም ነው። ደም የሚደርሳት በአብዛኛው ከአንድ ወገን ብቻ በመሆኑ ችላ ከተባለች ሳትገጥም ትቀራለች፣ አንጓውም ዕድሜ ልክ ያማል። ወጌሾች ለብዙ ሰው እንደ ደረሱ አልክድም፤ ይህች አጥንት ግን ስትታሽ የምትድን አይደለችም።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ ሞተር መሬት ሊይዝ ሲል ለማዳን መሞከር፣ ወይም መዳፍን ቀድሞ ማውረድ፣ በደመ ነፍስ የሚደረግ ነው፤ ደህና ጓንት ካላደረጉ የመዳፍ ቆዳም አብሮ ይሄዳል። ክንድን ወደ ደረት ሰብስቦ በትከሻና በጎን መውደቅ ይሻላል ይባላል፤ ትክክል ነው፣ ግን ለማሰብ ጊዜ ስለማይሰጥ ተማምኖ የሚኖርበት ነገር አይደለም።

«ቆሜ ሳለሁ ነው የወደቅሁት፤ ሄልሜቴ አስፋልቱን መታ። የሚታይበት ጭረት ብቻ ነው። ልጠቀምበት?»

አይጠቀሙበት። ከ1.5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 19.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ከፍታ የቆመ ሰው ጭንቅላት ያለበት ገደማ ነው። ሞተሩ አለመንቀሳቀሱ ለጭንቅላትዎ ቅናሽ አላደረገለትም። በሄልሜቱ ውስጥ ያለው ፎም ምቱን የሚውጠው እየተጨፈለቀ በመሆኑና ወደ ነበረበት ስለማይመለስ፣ ከውጭ ሲያዩት ደህና ቢመስልም በዚያው ቦታ ሁለተኛ ምት ላይችል ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል፤ አገጭ ሥር ያልታሰረ ሄልሜት ግን ከባርኔጣ አይሻልም።

«ከወደቅሁ በኋላ ወዲያው አስነሥቼ ብሄድ ምን ችግር አለው?»

ቁልፉን ያጥፉ፣ ቤንዚን እንዳይፈስ ይመልከቱ፣ ከመንገዱም ይውጡ። ሞተሩን ሲያነሡ ጀርባዎን ወደ መቀመጫው ሰጥተው፣ ጉልበትዎን በርከክ አድርገው፣ ክብደቱን በእግርዎ ይግፉት፤ ወገብ የሚቀጨው ጎንበስ ብሎ በክንድ ሲጎተት ነው። ከመነሣትዎ በፊት የነዳጅ መስጫው ተጠምዝዞ ሲለቀቅ በራሱ መመለሱን፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች አለመሰንጠቃቸውን፣ የኋላ ፍሬን መርገጫው ታጥፎ አለመያዙን፣ ማኑብሪዮውም ከፊት ጎማው ጋር መስተካከሉን ይፈትሹ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«በጅማ ነርስ ነኝ። ሰኔ ላይ ከወደቅሁ ወዲህ ሞተሩ ትንሽ ሲያዘነብል እጄ ይደርቃል፣ ኩርባ ላይ ሁልጊዜ ወደ መሬት አያለሁ። ብተወው ይሻላል?»

የመተው መብትዎ የተጠበቀ ነው፤ እኔ ግን ውሳኔውን በክረምት መካከል እንዲወስኑ አልመክርም። የደረቀ እጅ ራሱ ለሁለተኛ መውደቅ ምክንያት ይሆናል፣ ምክንያቱም ማኑብሪዮውን አንቆ የያዘ ሞተረኛ የፊት ጎማው በራሱ እንዳይስተካከል ይከለክለዋል። ዓይን መሬት ሲያይም ሞተሩ ወደዚያው ያመራል።

ባዶ ሜዳ ወይም በእሑድ ጠዋት ጭር ያለ ግቢ ይፈልጉ፤ ከዝናብ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ድንጋዮች በ10 እርምጃ ርቀት ያስቀምጡና በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዘው፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ እየረገጡ፣ የቀኝ እጅ ጣቶችዎን ከፊት ፍሬኑ ላይ ሙሉ በሙሉ አንሥተው በድንጋዮቹ ዙሪያ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይዙሩ። አንዱን ድንጋይ ሲያልፉ ወደሚቀጥለው አገጭዎን ያዙሩ። በቀን ከ20 ደቂቃ አይለፉ፣ ድካም ሲመጣ እጅ እንደገና ይደርቃልና። ምናልባት እዚያው ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ቢወድቁ፣ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደ ሸሸ ጨምረው ይጻፉልኝ።