መጦሪያ ቤት ልታይ ስትሄድ ከሳሎኑ አልፈህ ግባ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። እናትህ 78 ዓመታቸው ነው፤ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞታል፤ መርሳትም ጀምሯቸዋል። አንተ ያለኸው አዳማ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ የግል መጦሪያ ቤት ጠቁመውሃል፣ ፎቶውም ደስ ብሎሃል፤ «ሄጄ ምን ምን ልይ?» ነው ያልከው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር በነርስነት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። አክስቴም የመጨረሻ ዓመታቷን ያሳለፈችው መጦሪያ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው ውጭ አገር ላሉ ዘመዶችና ጎረቤቶች እየሄድኩ ቤት አይላቸዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ፎቶውን ለጊዜው ተወው። ሐይቁ ያምራል፤ ጋቢ ደርበው ሐይቁን እያዩ ቡና የሚጠጡት እናትም ያምራሉ። ግን ሳሎን የሚቀመጠው እንግዳ ሲመጣ የሚያወራው፣ የሚስቀው ሰው ነው። አንተ ማየት ያለብህ ከጓዳ የተኛውን፣ «ውሃ ስጡኝ» ማለት የማይችለውን ነው። ከንፈሩ ደርቋል? ጥፍሩ አድጓል? የውሃው ኩባያ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው ያለው ወይስ ከበሩ አጠገብ? እናትህ ነገ አፋቸው ሲያስቸግራቸው የሚያዙት እንደዚያ ሰው ነው።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካለ ተረከዙን ለማየት ጠይቅ። ራሱን ሰውየውንና ቤተሰቡን አስፈቅደህ ነው እንግዲህ፤ የሰው ገላ ትርኢት አይደለም። ካልፈቀዱ የራስህ እናት ገብተው በሳምንቱ ማየትህ አይቀርም። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው አጥንት ፍራሹን በሚጫንበት ቦታ ነው፤ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት ላይ። ስንማር «ቆዳው ይቀላል» ተብለን ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከአካባቢው የጠቆረ፣ ሲነኩት ሞቅ ወይም ጠጠር የሚል ቦታ ካለ ጀምሯል ማለት ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል። ደህና ቤት ይህን የሚመዘግብበት ወረቀት ከአልጋው አጠገብ አለው። ወረቀቱን ሲያሳዩህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም እይ። የሳምንቱ ቀንና ሌሊት በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ፣ አንድም ሳይዛነፍ ከተሞላ አንድ ቀን ቁጭ ተብሎ የተሞላ ነው። አንድ ቤት ጭራሽ ያልደረሰውን ሌሊት ሁሉ ሞልተውት አግኝቻለሁ።

ሽታም ይናገራል፤ ግን ተጠንቀቅ። ዳይፐር በሚቀየርበት ሰዓት የትኛውም ቤት ትንሽ ይሸታል፤ ያ ምንም አይደል። ከፍራሽና ከምንጣፍ የማይለቅ የቆየ ሽንት ሽታ ነው መጥፎው። እጣን በጠዋቱ ቤቱን ካጠነው ደግሞ በሌላ ሰዓት ተመለስ።

አክስቴ የነበረችበት ቤት ከሐይቁ ራቅ ያለ ተራ ግቢ ነው። ግድግዳው ቀለም ያስፈልገዋል። ነገር ግን የቤቱን ባለቤት «ማድ ቤቱን ልይ» ስላት ጉድ ጉድ ሳትል ከፈተችልኝ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ያየሁት ቤት ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። በዚያው ሰዓት ኮሪደሩ ሙሉ «እያረፉ ነው» አሉኝ። በጠራራ ፀሐይ ሁሉም የሚተኛበት ቤት ያስፈራኛል። መርሳት ያለባቸውና የሚንጎራደዱ ሰዎችን በክኒን ማስተኛት ቀላል ነው፤ አስታማሚ ከመቅጠር ይረክሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች መርሳት ባለባቸው አረጋውያን ላይ ሞትን እንደሚያበዙ አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ማታ የሚያስቸግር ሰው ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ?» ብለህ ጠይቅና ዝም በል። «አብረነው እንቀመጣለን፣ ሽንት ይዞት እንደሆነ እናያለን» ካሉህ ጥሩ። «የሚሰጠው አለ» ካሉህ ማን ሐኪም እንዳዘዘው ጠይቅ። እጅ በነጠላ ወይም በጨርቅ ከአልጋ ጋር ታስሮ ካየህ ሌላውን ማየት አያስፈልግህም፤ ውጣ።

የእናትህ ነገር ስትሮክ ስለሆነ ሁለት ነገር አስምርበት። አንደኛው አነሳሥ ነው። አስታማሚዋ ሰው ከአልጋ ስታነሳ ቆመህ እይ። የደከመውን እጅ ይዛ የምትጎትት ከሆነ ትከሻው ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ሕመሙም ለወራት ይቆያል። ሁለተኛው አበላል ነው። ስትሮክ ጉሮሮን ስለሚያደክም ውሃና ሾርባ ወደ ሳምባ ሊገባ ይችላል፤ የሳምባ ምች ከዚያ ይመጣል። ሰው ቀና ብሎ ተቀምጦ ነው የሚበላው፤ በልቶም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ መቆየት አለበት። በምሳ ሰዓት ሂድ። አንዷ አስታማሚ ቆማ አራት ሰው በየተራ የምታጎርስ ከሆነ፣ ያልዋጠ አፍ ላይ ሌላ ጉርሻ ይደረጋል። ገንፎና ለስለስ ያለ ፍትፍት ከቀጭን አጥሚት ይልቅ ይሻላል ይባላል፤ ለእናትህ የቱ እንደሚሻል ግን ሐኪማቸው ይወስን። ጾም የሚጾሙ ከሆነም ጠይቅ። ክኒን የሚወስዱ አረጋዊ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ እንዲቆዩ የሚተው ቤት አለ። የንስሐ አባታቸውን አነጋግር፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አይጠፋም።

መድኃኒት ላይ እኔ የምወደው ዘዴ መቁጠር ነው። የግፊት ክኒን 30 ተገዝቶ፣ በቀን አንድ ታዝዞ፣ 10 ቀን ካለፈው 20 መቅረት አለበት። 26 ከተገኘ አልተሰጠም። 12 ከተገኘም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተወስዷል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ካሉ ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቅ፤ የባሕር ዳርን መብራት ታውቀዋለህ።

ሌሊቱን ግን አትርሳ። ቀን ቀን ባለቤቱም አለ፣ ጸሐፊዋም አለች፣ ሰው ይበዛል። ሳትደውል ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ብቅ በል፤ ወይም እሑድ ከሰዓት። «ሠራተኛ ስንት ነው?» አትበል። «ዛሬ ሌሊት የማይተኛው ማን ነው?» በል። ዘበኛውና ምግብ አብሳይዋ አይቆጠሩም። በዓል ደግሞ ፈተና ነው። አስታማሚዎቹ አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ ለጥምቀትና ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ መሄድ ይፈልጋሉ፤ እውነታቸውን ነው። የፋሲካ ዕለት ማን እንደሚቀር ከነገሩህ ቤቱ ያስባል። ከቻልክ አንዷን ለብቻዋ «ደመወዝ በጊዜው ይገባል?» በላት። ደመወዙ የዘገየበት ሰው እናትህን በየ2 ሰዓቱ አያገላብጥም፤ አትፍረድበትም።

ሐይቅ ዳር መሆኑ የራሱ ጣጣ አለው። መርሳት ያለበት ሰው «ቤቴ ልሂድ» ብሎ ይወጣል። አጥሩ እስከ ውሃው ድረስ መዘጋቱን በእግርህ ዞረህ አረጋግጥ። በሩ ግን በቁልፍ ተቆልፎ ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ የሚያድር ከሆነ፣ እሳት ቢነሳ ማን ያወጣቸዋል? መስኮቱም እንደ ልማዳችን በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። የእሳት ማጥፊያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን እይ። በክረምት ብርድ ሲሆን ከሰል የተቀጣጠለበትን ማንደጃ መኝታ ቤት ያስገቡ እንደሆነ ጠይቅ። የከሰል ጋዝ አይሸትም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

አጎበርም እይ፤ ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ሳይሆን አልጋው ላይ የተሰቀለውን። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ እዚህ ይበዛል። አረጋዊ ሰው ወባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲይዘው ድንገት ይቀባዥራል። «መርሳቱ ባሰባቸው» ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ በድንገት ሲሆን ያስመረምራሉ? በምን መኪና? ባጃጅ በማይገኝበት ሰዓትስ? ከሆስፒታሎቹ ፈለገ ሕይወት መሃል ከተማ ነው፤ ጥበበ ግዮን ወጣ ይላል። ቤቱ ዓባይ ማዶ ከሆነም አዲሱ ድልድይ በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ቀሏል፤ ቢሆንም መንገዱን አንድ ጊዜ ራስህ ሂድበት።

ወረቀት በአጭሩ፦ የግል ከሆነ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የነርሷ የሙያ ፈቃድ፣ የጽሑፍ ውል። ብዙዎቻችን መጦሪያ ሲባል የምናስበው መቄዶንያን ነው፤ ያ ጧሪ ያጡ ሰዎችን ሰብስቦ የሚረዳ በጎ አድራጎት ነው። አንተ ግን ከፋይ ነህ። ውሉ ላይ ሆስፒታል ሲገቡ ክፍያው እንዴት እንደሚሆን፣ ብታወጣቸው ቀብዱ እንደሚመለስ ይጻፍ። መታወቂያቸውና የጡረታ ደብተራቸው አንተ ጋ ይቅር።

አዳማ ሆነህ በየሳምንቱ መምጣት አትችልም። ስለዚህ እዚህ ያለ ዘመድ ወይም የእናትህ ጓደኛ፣ ቀኑን እያፈራረቀ የሚሄድ ሰው ያዝ። ያለ ቀጠሮ እንዲገባ ካልፈቀዱለት ሌላ ቤት ፈልግ። በገቡበት ቀን እናትህ በሚዛን ይመዘኑ፤ ተረከዛቸውና ወገባቸው እሳቸው ከፈቀዱ ፎቶ ይነሳ፤ ቀኑ ተጽፎ አንተም ቤቱም ፈርሙበት። ከወር በኋላ ደግመህ ስትመዝናቸው የምትከራከረው በወሬ አይሆንም። የሰፈሩን ስም በውስጥ ላክልኝ፤ መንገዴ ላይ ከሆነ ማታ ጎራ ብዬ አይልሃለሁ።