ለሆም ቴአትር የሚሆን ቴሌቪዥን ሲገዙ በቅድሚያ የድምፅ መውጫውን ይመልከቱ

ጠያቂያችን አዳማ ሆነው፣ ቤታቸው ያለውን ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር ሳይቀይሩ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ለመግዛት ማሰባቸውን ገልጸው፣ ከስክሪኑ ጥራት ሌላ ምን ማየት እንዳለባቸው ጠይቀዋል። ለዘመድና ለጎረቤት ቴሌቪዥን ከድምፅ መሣሪያ ጋር ሳገናኝ የቆየሁ በመሆኔ፣ ያየሁትን ላካፍልዎ።

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት የሆም ቴአትርዎን ጀርባ አይተው፣ ድምፅ የሚቀበልባቸውን መሰኪያዎች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ምስል የሚገባበት መሰኪያ ያጣ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም፤ ሰው ሁሉ የሚቸገረው ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄድበት መንገድ ሲጠፋ ነው።

ሆም ቴአትርዎ የቆየና ቀይና ነጭ ጃክ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልግዎታል። በአዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ የሚታዩት ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ መግቢያዎች ስለሆኑ ድምፅ አያወጡም፤ ስለዚህ ሻጩ «ጃክ አለው» ቢልዎትም ከቀዳዳው አጠገብ የተጻፈው «ኢን» ይሁን «አውት» ራስዎ ያንብቡ። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለው፣ በአንድ ጫፉ 3.5 ሚሊ ሜትር በሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ በሆነ ርካሽ ገመድ ይገናኛል። እሱም ከሌለ ኦፕቲካል ከተባለው፣ ድምፅን በብርሃን ከሚያወጣው ቀዳዳ የሚመጣውን ድምፅ ወደ ቀይና ነጭ የሚለውጥ ትንሽ መቀየሪያ መግዛት ይኖርብዎታል፤ ከእነዚህ መቀየሪያዎች ብዙዎቹ ፒሲኤም የተባለውን ያልተጨመቀ ዲጂታል ድምፅ ብቻ ስለሚቀበሉ፣ የቴሌቪዥኑ የዲጂታል ድምፅ ማስተካከያ ፒሲኤም ላይ ካልተደረገ ስፒከሩ ዝም ይላል ወይም ይንጫጫል። በዚህ መንገድ የሚያገኙት የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ መሆኑንም ይወቁት።

ሆም ቴአትርዎ ኦፕቲካል መግቢያ ካለው ግን 5.1 ዶልቢ ዲጂታል፣ ማለትም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ የቤዝ ስፒከር የተከፋፈለው ድምፅ፣ በእሱ በኩል ያልፋል። ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለ የኦፕቲካሉን ክዳን ገፋ አድርገው ቢያዩ ከውስጥ ቀይ ብርሃን ይታያል፤ ብርሃኑ ከሌለ ከሻጩ ጋር ሆነው የድምፅ ማስተካከያውን ይፈትሹ።

ሁሉንም የሚያቀልለው ኤአርሲ (ARC) ያለው ኤችዲኤምአይ (HDMI)፣ ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍበት መሰኪያ ነው፤ ኤአርሲ በ2009 እ.ኤ.አ. ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ሲሆን ድምፁን በዚያው ገመድ መልሶ ወደ ሆም ቴአትሩ ይልካል። ነገር ግን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በአንዱ ቀዳዳ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይፈልጉ፤ በሆም ቴአትሩም በኩል ይኸው ጽሑፍ መኖር አለበት። ይህ ቀዳዳ በሆም ቴአትሩ ስለሚያዝ፣ ሦስት ኤችዲኤምአይ ያለው ቴሌቪዥን ለሪሲቨርና ለሌላው ዕቃ የሚተርፈው ሁለት ነው። ኢ-ኤአርሲ የተባለው አዲሱ ዓይነት ያልተጨመቀ ባለ ብዙ ቻናል ድምፅ የሚያሳልፍ ቢሆንም፣ የድምፅ መሣሪያዎ የማይቀበለው ከሆነ ለእሱ ሲባል ብር እንዲጨምሩ አልመክርም።

በምስል በኩል፣ ፎርኬ (4K) የተባለውን ከፍተኛ ጥራት በሴኮንድ 60 ምስል ለማየት ኤችዲኤምአይ 2.0 ይበቃል። በ120 ምስል የሚጫወት የጌም መሣሪያ ከሌለዎት 2.1 አያሳስብዎ።

ፊልም በፍላሽ የሚያዩ ከሆነ ፍላሽዎን ይዘው ይሂዱ። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስ የተባለውን የድምፅ ዓይነት ስለማያነብቡ፣ ምስሉ አምሮ እየታየ ድምፁ ጨርሶ አይሰማም፤ ይህን ደግሞ ካርቶኑ ላይ አንብቦ ማወቅ ያስቸግራል። ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ከሆነም መሰኪያዎቹ ወደ ጎን የዞሩ ይሁኑ፤ ቀጥታ ወደ ኋላ የሚወጣ ገመድ ግድግዳው ተጭኖት ይታጠፋል፣ ቀዳዳውንም ያላላዋል።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ቴሌቪዥኑን አብርቶ፣ በተለይ የድምፅ መውጫውን በራስዎ ገመድ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። በተለይ መርካቶ ድረስ ሄደው የሚገዙ ከሆነ ይህን አይለፉት፤ አዳማ ከገባ በኋላ ለአንድ ቀዳዳ ሲባል 55 ኢንች ቴሌቪዥን ጭኖ መመለስ ወጪውም ሆነ የመሰበር ሥጋቱ ቀላል አይደለም። የሆም ቴአትርዎን ጀርባ ፎቶ እዚሁ ቢለጥፉልን፣ የትኛው ገመድ እንደሚያስፈልግዎ ለይቼ እነግርዎታለሁ።