ሳይገዙ መግባት፣ ገልጦ ማየት፣ ከዚያ መወሰን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ዲሲ አካባቢ ትኖሪያለሽ፣ ሥዕል ትወጃለሽ። ስለ ዘመኑ ሠዓሊዎች የሚወጡ አዳዲስ መጻሕፍትን የት እንደምታገኚና የመጻሕፍት መደብሮች ደራሲ ሲጋብዙ እንዴት እንደሚኬድ ማወቅ ፈልገሻል። መጽሐፉ ግን 60 እና 70 ዶላር ሆኖብሻል፣ «ሳልገዛ ብገባ ነውር ነው ወይ?» ብለሻል። እንግሊዝኛሽ እንደ ልብ አይደለም፣ የአራት ዓመት ልጅም አለችሽ። እኔ እንዲህ ያሉ ምሽቶች ላይ ብዙ ስለተቀመጥኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ነውር አይደለም። ፈታ በይ። ፖለቲክስ ኤንድ ፕሮዝን ውሰጂ። ኮኔክቲከት አቬኒው ላይ ከ1984 ጀምሮ ያለ ሱቅ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። አብዛኛው የማታ ዝግጅት ነጻ ነው። በር ላይ የሚጠይቅሽ የለም። ወንበር ካለ ትቀመጫለሽ፣ ጢም ብሎ ከሞላ መደርደሪያ ተደግፈሽ ትቆሚያለሽ። ስመ ጥር ሰው ሲመጣ ዝግጅቱ ወደ ሰፊ አዳራሽ ይዞርና ቲኬት ይቆረጥለታል። ሲክስዝ ኤንድ አይ የሚባለው ታሪካዊ ምኩራብ አንዱ ነው። ያኔ ቲኬቱ መጽሐፉን የሚጨምርና የማይጨምር ሊሆን ስለሚችል ከመክፈልሽ በፊት ዝርዝሩን አንብቢ። አካሄዱ ሁሌም ያው ነው፦ ወሬው፣ ከዚያ ማይክራፎን ላይ ጥያቄ፣ ከዚያ የፊርማ ሰልፍ። ማብቂያው ላይ ተሰብሳቢው ወንበሩን እያጠፈ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል። ሠርግ ቤት ድንኳን ሲነቀል እንደምናግዘው ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ይቺን ነገር እወዳታለሁ፣ ሰው እዚያ ላይ ነው ወሬ የሚጀምረው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ዝግጅት ሲመርጥ የሚያየው የደራሲውን ስም ነው። እኔ የማየው የሁለተኛውን ወንበር ነው። ማለትም አነጋጋሪው ማነው? የሥነ ጥበብ መጽሐፍ ምሽት የሚያምረውም የሚበላሸውም በእሱ ነው። ሠዓሊ ስለ ራሱ ሥራ ማውራት ብዙ ጊዜ ይከብደዋል፣ ወይ ዝም ይላል ወይ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። አነጋጋሪው ኪውሬተር (ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ባለሙያ) ወይም ሌላ ሠዓሊ ከሆነ ግን ጥያቄው ወደ እጅ ሥራው ይወርዳል። ቀለሙን በምን አቀጠንከው? ሸራውን ለምን መሬት ላይ አነጠፍከው? እዚህ ጋ ያለውን መስመር ለምን ፍቀህ ተውከው? እንዲህ ሲሆን እንግሊዝኛ ቢያንስም ይገባል፣ ምክንያቱም የሚወራው ስለሚታይ ነገር ነው። አነጋጋሪው የመጽሐፉን ጀርባ ብቻ አንብቦ የመጣ ዝነኛ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ መሞጋገስ ነው፣ ጠብ የሚል ነገር የለውም። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «ከእገሌ ጋር» የሚለውን ስም ፈልጊና ምን ሠርቶ እንደሚያውቅ ሁለት ደቂቃ ጎግል አድርጊ።

ሌላው ስክሪን ነው። ብዙ መጻሕፍት መደብር የተሠራው ለልብ ወለድና ለፖለቲካ ወሬ ስለሆነ ፕሮጀክተር የለውም። አንድ ቦታ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፦ ሠዓሊዋ ስለ አንድ ሰማያዊ ሥዕል ታወራለች፣ እኛ ሥዕሉን አናየውም። በኋላ አንዲት ሴትዮ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጂ አንስታ ገጹን ገልጣ ወደ ኋላ አሳለፈችው። መጽሐፉ ከጭን ወደ ጭን ዞረ። የሱቁ ልጅ «ያልተገዛ እኮ ነው» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ምሽቱ ነፍስ የዘራው ከዚያ በኋላ ነው። ስትሄጂ ቀደም ብለሽ ገብተሽ አንድ ቅጂ ይዘሽ ተቀመጪ። ሲያልቅ ወደ ቦታው ትመልሺዋለሽ። ማንም ቅር አይለውም።

ቅጂውን ከያዝሽ አይቀር ደግሞ መርምሪው። ዋጋ ያለው ከዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሁለት ገጽ የሚሸፍን ሥዕል ፈልጊና መሃሉን እይ። መጽሐፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ካልተዘረጋ ማጠፊያው ሥዕሉን ይውጠዋል፣ ብዙ ጊዜ የሚዋጠው ደግሞ መሃል ላይ ያለ ፊት ነው። ቀጥሎ ጥራዙን ከላይ በኩል እይ። ወረቀቱ በትንንሽ እጥፍ እጥፍ ተሰፍቶ ከሆነ ዕድሜ አለው፣ ዝም ብሎ በማስቲሽ የተለጠፈ ከሆነ ግን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ገጽ በገጽ ይረግፍልሻል። ከዚያ ሥዕሉ ቀርቦ የሚታይበት ገጽ እንዳለው ፈትሺ። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ጁሊ ምሕረቱን ውሰጂ። አዲስ አበባ በ1970 ተወልዳ ኒው ዮርክ የምትሠራው ሠዓሊ ናት። ለጎልድማን ሳክስ ባንክ ሕንፃ በ2009 የጨረሰችው ሥራ ወርዱ 80 ጫማ፣ ከፍታው 23 ጫማ ነው። ይሄን ሙሉውን አንድ ገጽ ላይ ሲያትሙት ባለ ቀለም አቧራ ይመስላል። እሷ ግን የምትሠራው በትንንሽ ጭረት ነው፣ ከሥር የሕንፃ ንድፍ፣ ከላዩ መስመር፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ መስመር። ጥሩ መጽሐፍ አንዷን ጥግ ቆርጦ ገጹን ሙሉ ያሳይሻል። ያንን ነው ስልክሽ የማይሰጥሽ። እንዲህ ያለ ገጽ ከሌለው 70 ዶላርሽን ኪስሽ ውስጥ ተዪው።

ዋጋው ለምን እንደሚወደድም ላንሳ፣ ብዙ ሰው «ዘረፋ ነው» ስለሚል። ለእያንዳንዱ ሥዕል ፎቶ ፈቃድ ይከፈላል፣ ባለ ቀለም ሕትመትና ወፍራም ወረቀት ውድ ነው፣ የሚታተመውም ጥቂት ቅጂ ነው። ባለ ሱቁ ከተለጠፈው ዋጋ ላይ በተለምዶ 40 ከመቶ አካባቢ ይተርፈዋል፣ ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ደሞዝና ለምሽቱ የገዛው ወይን ይወጣል። ትልልቁ የኦንላይን ሱቅ በቅናሽ ሲሸጥ እነዚህ ሰዎች ያን ዋጋ ሊከተሉት አይችሉም። ስለዚህ የኔ ልማድ እንዲህ ነው፦ ምሽቱን በነጻ እቀመጣለሁ፣ ትልቁን መጽሐፍ ካልቻልኩ ሌላ ትንሽ ነገር ከዚያው ሱቅ እገዛለሁ። ፖስት ካርድም ይሁን። ግዴታ ግን አይደለም። ቤት ሆነሽ መግዛት ከፈለግሽ ቡክሾፕ ዶት ኦርግ ላይ የምትወጂውን ሱቅ መርጠሽ ከግዢሽ ድርሻ እንዲደርሰው ማድረግ ትችያለሽ። ጭራሽ መክፈል ካልፈለግሽ ደግሞ መሃል ከተማ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት አለልሽ።

ምን ልጀምር ላልሽው፣ ከእኛው ብትነሺ ደስ ይለኛል። የኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ «ሞደርኒስት አርት ኢን ኢትዮጵያ» በ2019 ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ወጥቷል። ከ1900 እስከ 2015 ያለውን ይዞ ይሄዳል። የሳሎን ጠረጴዛ ማስዋቢያ አይደለም፣ የሚነበብ ነው። አጻጻፉ የዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ገጹ ይከብዳል፣ ግን ገብረ ክርስቶስ ደስታንና እስክንድር ቦጎሲያንን ከዘመናቸው ፖለቲካ ጋር አያይዞ ሲያሳይሽ ሥዕሎቻቸውን እንደገና ታያቸዋለሽ። ከዚያ የጁሊን ትልቅ ካታሎግ እይ፣ ሎስ አንጀለስ በ2019 ተከፍቶ በ2021 ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ከደረሰው ዐውደ ርእይ ጋር የወጣውን። ሦስተኛው ባልቲሞር ዋልተርስ ሙዚየም በ2023 መጨረሻ የከፈተው የኢትዮጵያ ዐውደ ርእይ ካታሎግ ነው። አብዛኛው ጥንታዊ ነው፣ መስቀልና ብራና፣ ግን የዛሬዎቹን ሠዓሊዎችም ጨምሯል። የዘመኑን ክፍል ያዘጋጀችው የዚሁ የዲሲ ልጅ፣ ፀዳዬ መኮንን ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ካታሎግ እንደ ልብ ወለድ ደጋግሞ አይታተምም። ብዙ ጊዜ ዐውደ ርእዩ ሲያልቅ ቅጂውም ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ዋጋው ሽቅብ ነው። ስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2003 ስለ ዲያስፖራ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ያሳየው ዐውደ ርእይ መጽሐፍ ነበረው፣ ዛሬ ያንን የምታገኚው ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቦታ ነው። ዱፖንት ሰርክል ያለው ሰከንድ ስቶሪ ቡክስ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ሮክቪል ያለው መጋዘናቸው ደግሞ ይብስበታል፣ ዓይን አዋጅ ይሆናል። እዚያ የምሄደው ቅዳሜ ነው፣ ለባለቤቴ «አንድ ሰዓት ብቻ» ብዬ።

ሳንኮፋንም እንዳትረሺ። ጆርጂያ አቬኒው ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና የከፈቱት ሱቅና ካፌ ነው። የጥቁር ሕዝብ መጻሕፍት ናቸው የሚበዙት። ሳንድዊቾቹ ሳይቀሩ በፊልም ሠሪዎች ስም ነው የሚጠሩት። ለሥዕል ሰው ቦታው ሌላም ትርጉም አለው፦ እስክንድር ቦጎሲያን ከመንገዱ ማዶ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል፣ በ2003 ያረፈውም እዚሁ ዋሽንግተን ነው። እዚያ የደራሲ ምሽት ላይ ስትቀመጪ አጠገብሽ ያለው ሽማግሌ ተማሪው የነበረ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቂ። ፖለቲክስ ኤንድ ፕሮዝ ላይ ስሙ እንደሚለው ፖለቲካው ይበዛል፣ የሥዕል ምሽት አልፎ አልፎ ነው፣ የኢሜይል ዝርዝራቸው ላይ ተመዝገቢና ጠብቂ። ኒው ዮርክ ከሄድሽ ደግሞ ቼልሲ ያለውን ፕሪንትድ ማተርን ግቢ። ሠዓሊዎችና ሃያሲዎች በ1976 የመሠረቱት ነው፣ ሠዓሊዎች ራሳቸው የሚሠሯቸውን መጻሕፍት ይሸጣል። እዚያ በጥቂት ዶላር የምታገኚው ቀጭን ጥራዝ አንዳንዴ ከባለ 70ው ይበልጣል።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፦ ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ጻፊና አንብቢው፣ ፈረንጆቹም ያደርጉታል። ከገጽ ቁጥር ጀምሪ። «በዚህ ገጽ ላይ ግራ ጥጉ ባዶ ነው፣ መቼ ነው ማቆም እንዳለብዎ ያወቁት?» ብትይ በቂ ነው። ሰው ማይክራፎን ይዞ ሦስት ደቂቃ ንግግር ሲያደርግ ታያለሽ፣ ያንን ነው የምንጠላው፣ የአንቺን አጭር ጥያቄ አይደለም። ማይክራፎኑ ካስፈራሽ የፊርማ ሰልፉ አለ። ሰልፉ ላይ የሱቁ ሠራተኛ ትንሽ የምትለጠፍ ወረቀት ይሰጥሻል፣ ስምሽን በደንብ ጽፈሽ ርዕሱ ያለበት ገጽ ላይ ትለጥፊያታለሽ፣ ፈራሚው «እንዴት ይጻፋል?» እያለ እንዳይቸገር። አንዴ ከፊቴ የቆመች ልጅ በላቲን ጽፋ ከሥሩ በፊደል «ጽጌ» ብላ ጨመረችበት። ሠዓሊው ፈረንጅ ነው። ፊደሉን አየው፣ ብዕሩን ቀየረና ቀስ እያለ ገልብጦ ሣለው። «ጽ»ን ከእግሯ ጀመራት። ሰልፉ ቆመ፣ ማንም አላጉረመረመም። ለመጠየቅ ጥሩዋ ሰዓት ይቺው ናት፣ እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ ዘና ብሎ ነው የሚመልሰው። ግን አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከኋላሽ ሰው አለ።

ልጅሽን በተመለከተ፣ የማታው ዝግጅት ለአራት ዓመት ልጅ ረጅም ነው። ብትወስጃትም ችግር የለውም፣ ከኋላ መተላለፊያው ዳር ተቀመጪና ስትነጫነጭ ተነሥተሽ ውጪ። ፖለቲክስ ኤንድ ፕሮዝ ሰፊ የልጆች ክፍል ስላለው አባቷ እዚያ ሊያቆያት ይችላል። መምጣት ካቃተሽ ብዙዎቹን ምሽቶች ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ ስለሚጭኑት ልጅቷን አስተኝተሽ ታይዋለሽ። መኪና ይዘሽ ከሆነ ግን ግማሽ ሰዓት ቀደም በይ፣ ማታ እዚያ ሠፈር ፓርኪንግ ማግኘት መከራ ነው። በሜትሮ ከሆነ ቫን ነስ ወርደሽ ትንሽ ዳገት አለው።