በጉ ይዞራል፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው ግን ለውሻው ነው

ከመንዝ ጌራ የጻፉልኝ አርሶ አደር ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «አምና የተወለደ ጠቦቴ አንገቱን ወደ ግራ ጠምዞ ባለበት ይዞራል። ከመንጋው ይነጠላል፣ ካቡ ላይ ግንባሩን ደግፎ ይቆማል። ጎረቤቴ አዙሪት ነው ይሉኛል። የትል መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሰጠሁት፣ ለውጥ የለም። አምናም ሁለት በግ እንዲሁ ሲዞር ሞተብኝ። ልረደው ወይስ ልሽጠው? ሥጋውስ ይበላል? ሁለት ውሾች አሉኝ፣ ልጆቹ ከነሱ ጋር ነው የሚውሉት፤ ይሄ ነገር ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ?»

ጋሼ፣ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። ከነገሩኝ ምልክት አዙሪት ነው ብዬ ነው የማስበው። ዕድሜውም ይገጥማል፣ በብዛት የሚይዘው ገና ዓመት ያልሞላውንና ዓመት ከመንፈቅ ያላለፈውን ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ያጣሩ። በጉ ለሃጩን የሚያዝረከርክ፣ ድምፁ የተለወጠ ወይም ሰውና እንስሳ ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ በቅርቡም የማያውቁት ውሻ ነክሶት ከሆነ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ያኔ አፉን እንዳይነኩ፣ እንዳያርዱትም፣ ለይተው አስረው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ።

አዙሪት ከሆነ ግን ነገሩ እንዲህ ነው። በበጉ አንጎል ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ከረጢቱ የውሻ ኮሶ ልጅ ነው። የእኛ የሰዎቹ ኮሶ ከጥሬ የበሬ ሥጋ የምናገኘው ነው፣ ይሄ ሌላ ነው፣ የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ውሻው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፣ በጉ ይግጠዋል፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ከአንጀት በደም ተጉዞ አንጎል ይደርሳል። ከዚያ ቀስ እያለ ለወራት ያድጋል። ዛሬ የሚያዩት መዞር ከስድስት፣ ከስምንት ወር በፊት የጋጠው ነው። ብርዳችንና እርጥበታችን ደግሞ ለእንቁላሉ ተመችቶታል፣ ደጋ ላይ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል።

የታረደ በግ ራስ ፈልጠው ካዩ ከረጢቱን በዓይንዎ ያገኙታል። አንዳንዴ የዶሮ እንቁላል ያክላል። ስስ ነው፣ ውስጡ የጠራ ውሃ ነው፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጤፍ የተበተነበት የሚመስል ነጫጭ ነጥብ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ተለጥፏል። እያንዳንዷ ነጥብ የአንድ ኮሶ ራስ ናት። ያንን ጭንቅላት ለውሻ ከወረወሩለት ነጥቦቹ አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ኮሶ ይሆናሉ፣ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላም ውሻው እንቁላሉን በየሜዳው መበተን ይጀምራል። አምና የሞቱት የሁለቱ በጎች ጭንቅላት የት ገባ ጋሼ? ገደል ተጥሎ ከሆነ፣ የእርስዎም የጎረቤትም ውሻ በልቶታል።

በጉ ላይ እንምጣ። የትል መድኃኒቱ ያልሠራው ከረጢቱ አንጎል ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ደግመው ደጋግመው ቢሰጡትም ገንዘብዎን ከመጨረስ በቀር አይፈይድም። የራስ ቅሉ ከቀንዱ ሥር ወይም ከኋላው ሲጫኑት የሚላላ ቦታ ካለው፣ የእንስሳት ሐኪም ከፍቶ ከረጢቱን ሊያወጣው ይችላል። ለምርጥ አውራ ወይም ከውጭ ለመጣው የአዋሲ ዝርያ ዲቃላ ያዋጣል። ለሌላው ግን ማረድ ይሻላል፣ ሳይከሳ ቶሎ። ሥጋው ይበላል፣ በአዙሪት የተያዘ በግ ሥጋ በራሱ ሰው አያሳምምም። መድኃኒት ስለሰጡት ግን ከመጨረሻው ቀን ጀምሮ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ይለፍ። ትኩሳት ካለው ወይም ሞቶ ካገኙት አይበላም።

መሸጡን ተዉት። ገበያ ላይ የገዛው ሰው ያርደዋል፣ ጭንቅላቱን ለውሻው ይጥልለታል፣ በሽታው ሌላ ቀበሌ ይገባል።

ጭንቅላቱን ምን እናድርገው ካሉ፣ ያቃጥሉት፣ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቀብረው ድንጋይ ይጫኑበት። ለውሻ መስጠት ካለብዎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ ይንፈቅፈቅ። ጉበትና ሳንባም እንዲሁ ነው፣ እሱ ላይ የሚታየው የውሃ ከረጢት ደግሞ የሌላ የውሻ ትል ነው፣ ወደ ሰው የሚመጣው ዋናው እሱ ነው።

ሰው የሚታመመው ከረጢት ያለበትን ጉበት በመብላት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚይዘን እንቁላሉ ሲሆን፣ እንቁላሉ የሚመጣው ከውሻ ዓይነ ምድር ነው። ውሻው ራሱን ይልሳል፣ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ልጅ ያቅፈዋል፣ ያንኑ እጁን ይዞ ቁራሽ እንጀራ ያነሳል። ወይም ውሻ የሚጸዳዳበት ጓሮ ያደገ ጎመን ሳይታጠብ ይበላል፣ ያልተከለለ ምንጭ ይጠጣል። ከዚያ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ከረጢቱ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ያድጋል። በቀኝ ጎኑ ከጎድን በታች ክብደት ወይም እብጠት፣ የማይለቅ ሳል ካለ ጤና ጣቢያ ሄደው «ውሻና በግ አለን» ብለው ይንገሩ። ይቺን ቃል ሐኪሙ ካልሰማት በሽታው ላይታሰበው ይችላል፣ አልትራሳውንድ ግን ያሳየዋል። ወጌሻ እንዲያሸው በፍጹም አይፍቀዱ። ከረጢቱ ውስጥ ከፈነዳ ሰው ሊሞት ይችላል። በነገራችን ላይ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚመጡት በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት ስትመርጥ ከእብድ ውሻ በሽታና ከአባ ሰንጋ ጋር ይሄ የጉበትና የሳንባ ከረጢትም ገብቷል።

አሁን ውሾቹ። አይግደሏቸው። ጅብና ቀበሮ የሚከላከልልዎት እነሱ ናቸው፣ ደግሞም የተገደለ ውሻ ቦታ ሳይቆይ በማያውቁት ውሻ ይሞላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ልኩ ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊግራም ነው፤ የ50ው ክኒን ለ10 ኪሎ ውሻ አንድ፣ ለ20 ኪሎ ሁለት ማለት ነው። ለበግ የሚሰጡትን አልቤንዳዞል አንዴ ለውሻ ቢሰጡት ይህን ኮሶ በደንብ አይጠርገውም። አይቨርሜክቲንም አይገድለውም። ቢቻል በየስድስት ሳምንቱ፣ ካልተቻለ በየሦስት ወሩ ይስጡ፣ በተለይ ከፋሲካና ከገና እርድ በኋላ አይዝለሉት። ክኒኑ ትሉን ይገድላል፣ እንቁላሉን ግን አይገድልም። ስለዚህ ከሰጡት በኋላ ለሦስት ቀን ውሻውን ያስሩት፣ የሚያወጣውን ሰብስበው ያቃጥሉት። ይሄን ካልሠሩ መድኃኒቱ ራሱ ግቢዎን እንቁላል ይሞላዋል።

እብድ ውሻ ክትባቱንም በዚያው ቀን ቢያስከትቡ ጥሩ ነው፣ በየዓመቱ። ምክንያቱ ልጆቹ ብቻ አይደሉም። እረኞቻችን ከውሻ ጋር ወደ ጓሳ፣ የመንዝ የተጠበቀ የደጋ ሣር መሬት፣ ይወጣሉ። ጓሳ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ፣ በዓለም ላይ አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ ከ500 የማያልፉ። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ የዌብ ሸለቆን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። ይህ መንዝ ላይ እንዳይደርስ ውሻ ማስከተብ አለብን። ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥ ነው። ልጅዎን ውሻ ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥቡት፣ ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ጸበልም ባህላዊ መድኃኒትም ይደርሳል፣ ክትባቱ ግን ከዘገየ አይመለስም።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ለእርስዎ ብቻ ብነግርዎት ግማሹ ከንቱ ነው፣ ምክንያቱም እርስዎ ውሻዎን ቢያክሙም የጎረቤት ውሻ በአጥርዎ ይገባል። የእኛን አሠራርም እታዘበዋለሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው በጉን ያያል፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ልጁን ታያለች፣ የጓሳው ጠባቂ ቀበሮውን ያያል፣ ሦስቱ ስለ አንዱ ውሻ ተነጋግረው አያውቁም። ልጁ ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ያስወጣና ወደዚያው ውሻ ይመለሳል። መሥሪያ ቤት «አንድ ጤና» የሚለው፣ የሰውን፣ የእንስሳንና የዱሩን ጤና አንድ ላይ መያዝ፣ ይሄንን ለማስቆም ነው። ታች ላይ የሚሠራው ግን እናንተ ስትጠይቁ ነው።

ስለዚህ በእድራችሁ ስብሰባ ላይ አንሱት። የሞተ በግ ገደል አይጣል ብላችሁ ደንብ አድርጉት፣ ለበዓል እርድ ደግሞ የጋራ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ክዳን ይኑረው። ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አንድ ቀን ቁረጡ፣ በዚያ ቀን የመንደሩ ውሻ በሙሉ ታስሮ ይምጣ፣ ክኒኑን ይዋጥ፣ ይከተብ፤ እሷ ደግሞ እጅ መታጠብና የልጆቹን ሆድ ነገር ትይ። አንድ ቤት ቢቀር ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል፣ ስለዚህ ከመጥራታችሁ በፊት ውሻ ያለውን ቤት ሁሉ ስም ዝርዝር ያዙ።

የሁለቱን ውሾች ክብደት ገምተው ይጻፉልኝ፣ ስንት ክኒን እንደሚበቃ አሰላልዎታለሁ። ጠቦቱን ካረዱ በኋላም ከረጢቱን አግኝተው እንደሆነ ንገሩኝ።