ሐረጎን ለመውጣት ሳይክል ስለማቅለል

አብሽር ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሐይቅ ነው የምትኖረው፣ የብረት ቴላዮ (የሳይክሏ ዋና አካል) ያላት ያገለገለች የውድድር ሳይክል አለችህ፣ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ደሴ ለመወዳደር ከብዳኛለች ብለሃል። ባለህ ብር የካርቦን ሹካ (የፊቱን ጎማ የሚይዘውን) ልግዛ ወይስ ቀላል ቸርኬ? ጓደኛህ ደግሞ «ምን ገንዘብ ታባክናለህ፣ ብረቱን እየበሳሳህ አቅልለው» ብሎሃል። ጓደኛህን አትስማው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። እኔ በስቼ አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ግን መዝናት። «ትከብዳለች» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የኔን ደሴ ሰኞ ገበያ አንድ በርበሬ ነጋዴ ዘንድ ወስጄ ተንጠልጣይ ሚዛኑ ላይ በኮርቻዋ ሰቀልኳት። ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ አያትና «ዛላ ናት የተፈጨች?» አለኝ። 12 ኪሎ ከ600 መዘነች። እንዲህ ዓይነት ሚዛን ካላገኘህ የሰው መመዘኛ ላይ አንዴ ብቻህን፣ አንዴ ሳይክሏን ተሸክመህ ቁምና ቀንስ። ትንሽ ያዛባል እንጂ ይሠራል።

ከዚያ መፍቻ ይዘህ ቁጭ በል። ያለ ምንም ወጪ የሚወርደው ክብደት ያስገርምሃል። የኔ የኋላ ፖርቶመጋላ (ዕቃ መጫኛው) ብቻውን 700 ግራም ነበር። ሁለቱ ፓራፋንጎዎች (ጭቃ መከላከያዎቹ) 450። መቆሚያዋ 350። ደወሉ፣ አንጸባራቂው፣ የመብራቱ ማሰሪያ ተደማምረው 150። ኮርቻዬ ከሥሩ ሞላ ያለው፣ ሶፋ የመሰለ ነገር ነበር፤ 800 ግራም። ከአንድ ጓደኛዬ ባለ 300 ግራሙን ተዋስኩና እሱን አወለቅኩት። በአንድ ከሰዓት በኋላ 12.6 የነበረችው 10 ኪሎ ከ450 ሆና አደረች። አንድ ብር አላወጣሁም። ውድድሩ ሲያልቅ ደወሉንና መብራቱን መልሳቸው። ፒያሳ ላይ ማታ ያለ መብራት መንዳት ጀግንነት አይደለም።

ገንዘብ የሚወጣበት የመጀመሪያው ቦታ ጎማ ነው። ጫፉ ላይ ሽቦ ያለው ጎማ ከሚታጠፈው ይከብዳል። በኔ ላይ በአንዱ ጎማ 100 ግራም፣ በከመነዳሪው (በውስጡ ጎማ) ደግሞ 40 ግራም ወረደ። በሁለቱ እግር 280 ግራም መሆኑ ነው። 10 ኪሎ ከ200 ገደማ ደረስኩ። ጥሩ ጎማ ደግሞ ከክብደቱ ይልቅ በአነዳዱ ነው የሚክሰው፤ አስፋልቱ ላይ በቀላሉ ይሄዳል። በጣም ስስ የሆነውን ግን አትግዛ። ከኮምቦልቻ እስክትወጣ መንገድ ዳር ያለው ጠጠር ጎሚስታ ቤት ያስገባሃል።

ስለ ቸርኬ አንድ ተረት አለ። «የሚሽከረከር ክብደት እጥፍ ይቆጠራል» ይላሉ። እውነትነቱ ፍጥነት በምትጨምርበት ቅጽበት ነው፤ ከቆምክበት ስትነሳ ወይም መጨረሻ ላይ ስትፈተለክ። ሐረጎን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቀስ እያልክ ስትወጣ ግን የቸርኬው 100 ግራምና በኪስህ ያለው 100 ግራም እኩል ናቸው። ስለዚህ ለዚህ መንገድ ብለህ ውድ ቸርኬ አትግዛ።

አሁን ሒሳቡን እንየው። አንተና ሳይክልህ አንድ ላይ 78 ኪሎ ናችሁ እንበል። አንድ ኪሎ ብታወርድ ከጠቅላላው 1.3 በመቶ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 2,500 አካባቢ ይደርሳል። ይህን በ80 ደቂቃ ብትወጣው፣ አንድ ኪሎ ማውረድ የሚሰጥህ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው። ቢበዛ። ሜዳው ላይ ጭራሽ አይታወቅም፤ እዚያ የሚታገልህ ነፋስ ነው። እኔ 2.4 ኪሎ አውርጄ ከ84 ደቂቃ ወደ 82 ነው የወረድኩት። ወር ሙሉ ስለፋ ለሁለት ደቂቃ!

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ክብደት ጨምሬ ነው የፈጠንኩት። የኋላው ማርሽ ትልቁ ቀለበት 23 ጥርስ ነበረው፣ የፊቱ ትንሹ 42። ሐረጎ ጥምዝምዙ ላይ ስደርስ ፔዳሉ አልዞር እያለኝ ቆሜ እንደ በሬ እስብ ነበር። ደሴ ስገባ ጉልበቴ የኔ አልነበረም። የኋላውን ባለ 28 ጥርስ አደረግኩት፤ የኋላው ጥርስ ሲበዛ ፔዳሉ ይቀላል። ከበፊቱ 80 ግራም ይከብዳል። ከሳምንት በኋላ ያንኑ መንገድ በ76 ደቂቃ ወጣሁት። ሳይክሏ ከበደች፣ እኔ ግን ቁጭ ብዬ መርገጥ ቻልኩ። ካቴናው ማጠር አለማጠሩን ብቻ ቀድመህ እይ፤ ትልቁ ቀለበት ላይ ሲወጣ ተወጥሮ የማርሽ መቀየሪያውን ሊሰብረው ይችላል።

ወደ መብሳቱ ልመለስ። ያኔ የማቅለል ሱስ ይዞኝ ነበር። የሚወልቅ ነገር ሲያልቅብኝ የፍሬን እጀታዎቹ ላይ ዓይኔ አረፈ። በሞርሳ አስሬ በትራፓኖ በያንዳንዳቸው አምስት አምስት ቀዳዳ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር። ሲያዩት ያምራል፣ አልዋሽህም። ስንት እንደቀነስኩ ለማወቅ ጓጉቼ የተላጨውን ፍርፋሪ በወረቀት ጠቅልዬ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድኩ። 4 ግራም። ወርቅ ሠሪው «ወርቅ ቢሆን ቀለበት ይወጣው ነበር» ብሎ መለሰልኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሐረጎ ላይ አንድ ጥምዝ ውስጥ ጭነት የሞላ አይሱዙ ከፊቴ ቀስ እያለ ይወርዳል። የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ። ቀጭ አለ። እጀታው ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ተቆርጦ ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። የኋላውን ፍሬን ስይዝ ጎማው ተንሸራተተ። ወደ ገደሉ እንዳልሄድ ወደ ተራራው በኩል ጠመዘዝኩና የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገባሁ። ክርኔና ጉልበቴ ተላጠ፣ የፊቱ ቸርኬ ተጣመመ። አላህ አተረፈኝ። አይሱዙው ምንም ሳያውቅ መንገዱን ቀጠለ።

ነገሩ ቀላል ነው። አልሙኒየም እንደ ብረት ጎብጦ አያስጠነቅቅም። ቀዳዳው ዳር ጭረት ይጀምራል፣ በጨበጥክ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይቆረጣል። ፍሬን፣ መሪ፣ የመሪው አንገት፣ የፊት ሹካ፣ የኮርቻው ቱቦ ላይ መብሻ አይነሳም። ለዚሁ ነው ያገለገለ የካርቦን ሹካ አትግዛ የምልህ። ወድቆ እንደሆነ ከውጭ ላይታይ ይችላል። አዲስ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን ባለህ ብር ሌላ ብዙ ነገር ትሠራለህ።

በነገራችን ላይ ዓለም አቀፉ የሳይክል ማኅበር ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ሳይክል በውድድሮቹ አይቀበልም። ያ የእኔና የአንተ ጭንቀት አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትካፈል፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ሳይክለኞችም ነበሯት። ያኔ የብረት ቴላዮ ነበር የሚነዳው።

ውሃን አትርሳ። ሙሉ ኮዳ ባለ 750 ሚሊ ሊትሩ ሦስት ሩብ ኪሎ ነው። ሁለት ኮዳ ሞልቶ መነሳት እኔ ካወረድኩት ክብደት ከግማሽ በላዩን መልሶ መጫን ነው። ደንቡ ከፈቀደ አንዱን ይዘህ ተነሳ፣ ሌላውን ሐረጎ ሥር ወንድምህ ቆሞ ያቀብልህ። ውሃ ይቅርብኝ ግን አትበል፤ የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቀዋለህ።

እና መግዛት ካለብህ፣ መጀመሪያ የኋላ ማርሽ፣ ከዚያ ጎማና ከመነዳሪ፣ ከተረፈህ አዲስ የፍሬን ሽቦና ላስቲክ። ኩሽኔታዎቹን አስፈትተህ አሳጥብና አዲስ ግራሶ አስደርግ፤ ይሄ ከሁሉም ይረክሳል። ለማንኛውም ነገ የኋላ ማርሽህን ትልቁን ቀለበት ጥርሶች ቁጠርና እዚሁ ጻፍልኝ። 25 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከሚዛኑ በፊት የምንነጋገረው ስለሱ ነው።